የሦስተኛው ገንዳ ግልገሎች

ዶክተር ተሬፋ ዳዲ ከአራት የድንጋይ ደረጃዎች በታች፣ በአሮጌው መታጠቢያ ቤት ወለል ላይ፣ በግንባሩ ተደፍቶ ተገኘ። ጉልበቱ እንደታጠፈ ነበር፤ ተንበርክኮ ሲመለከት የቆየ ሰው ድንገት ወደ ፊት የተኛ ይመስላል። በቀኝ እጁ አጉሊ መነጽር ጨብጧል። ፊቱ ላይ የጭንቀት ምልክት የለም።

ያገኘችው የላቦራቶሪ ረዳቱ አስካለች ናት። ማክሰኞ ሐምሌ 12 ቀን 2003 ዓ.ም. ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ስትመጣ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ፣ እንዳይዘጋም ድንጋይ ተደግፎበት አየች። ትንፋሿን ይዛ ወረደች፤ የጋዙን ቧንቧ ዘጋች፤ ከዚያ ዘበኛውን ጉርሙን ጠርታ ሁለቱ እየጎተቱ ወደ በረንዳው አወጡት። ሰውነቱ መቀዝቀዝ ጀምሮ ነበር።

ምክትል ኢንስፔክተር አመለሸጋ ከአምቦ ከተማ የደረሰችው ከዚያ አንድ ሰዓት ያህል ቆይታ ነው። ለመናገር የማትቸኩል፣ ያየችውን ነገር ሳትጽፍ ወደ ሌላ የማትሄድ ሴት ናት። የተሸፈነበትን ጋቢ ገልጣ አስከሬኑን አየች፤ ከዚያ አስካለችን «እንዳገኘሻቸው ሆነሽ አሳዪኝ» አለቻት። አስካለች በረንዳው ላይ ተንበረከከች፤ ግንባሯን ወደ ሲሚንቶው አቀረበች፤ እዚያው እንዳለች ማልቀስ ጀመረች። አመለሸጋ ከወለሉ እስከ አንገቷ ያለውን ርቀት በስንዝር ለካች። ሁለት ስንዝር አልሞላም።

ቤቱ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ ሙቅ ምንጭ ላይ የተሠራ፣ ሥራ ካቆመ ዓመታት ያለፉት መታጠቢያ ነው። ምንጩ ከውኃው ጋር ጋዝ ይተፋል፤ የአምቦን ውኃ የሚያንተከትከው ያው ጋዝ ነው። ከአየር ስለሚከብድ ጉድጓድ ውስጥ ይተኛል። የአካባቢው ገበሬ ጥጃው ከምንጩ በታች ባለው ስርጉድ መሬት እንዳያርፍ የሚጠብቀው ለዚህ ነው። ዶክተር ተሬፋ ጋዙን በተደፋ በርሜል ሰብስቦ፣ በጎማ ቱቦ ለጥናት የባሕር ዛጎል ወደሚያረባባቸው ሦስት የመስታወት ገንዳዎች ያስገባው ነበር። ቧንቧው ላይ ቀይ መስመር ቀብቷል። እጀታው እስከ መስመሩ ከተከፈተ ትርፉ ጋዝ በወለሉ ጥግ ባለች ቀዳዳ ወደ ቁልቁለቱ ይፈስሳል። ከመስመሩ ካለፈ ግን ቀዳዳዋ አትችለውም፤ ክፍሉ ከታች ወደ ላይ ይሞላል።

«ስዘጋው ከመስመሩ ሁለት ጣት አልፎ ነበር» አለች አስካለች።

የአመለሸጋ አዛዥ ይህን በስልክ ሲሰማ ነገሩ አለቀለት። ጋዙን ከዶክተር ተሬፋ በላይ የሚያውቅ ሰው በዞኑ ውስጥ እንደሌለ፣ መስመሩን ቀብቶ ያለፈውም ራሱ እንደሆነ፣ ሚስቱም ባለፈው ዓመት እንደሞተችበት ቆጠረላት። ራሱን ያጠፋ ሰው ነው፤ ነገ ከቀብሩ በኋላ መዝገቡ ይዘጋ አላት።

አመለሸጋ ስልኩን ዘግታ ወደ ታች ወረደች። በደረጃው በስተቀኝ፣ ከወለሉ እስከ ጉልበት በሚደርስ ከፍታ ላይ፣ ግድግዳው ውስጥ የተቦረቦረ መደርደሪያ አለ። እዚያ ላይ ሻማ ቆሟል። ከጫፉ የአንድ ጣት ውፍረት ያህል ብቻ ነድዶ ጠፍቷል። ክሩ ጥቁርና ቀጥ ያለ ነው፤ ሰው በጣቱ አልጨፈለቀውም። ጠረጴዛው ላይ እርሳስ በሲባጎ ታስሮ ተንጠልጥሏል። የሚጻፍበት ነገር ግን የለም። ሁለቱንም ጻፈች።

ወደ ስድስት ሰዓት ገደማ ከጌዶ የመጣ ሚኒባስ አንዲት ወጣት ሴት አወረደ። የዶክተሩ አንድ ልጅ ኤቢሴ ናት፤ ጌዶ ጤና ጣቢያ ውስጥ አዋላጅ ነርስ ናት። የሥራ ካፖርቷን አላወለቀችም። አባቷን አየች፤ ጋቢውን አስተካከለችለት፤ ከዚያ አመለሸጋን ወደ ዳር ሳበቻት።

«ሰው የሚለውን ሚኒባስ ውስጥ ሰምቻለሁ» አለች። «ራሱን ነው ያጠፋው ይላሉ። ትናንት ማታ ደውሎልኝ ነበር። ምጥ ላይ ያለች ሴት ይዤ ስለነበር ነገ እደውላለሁ አልኩና ዘጋሁበት። ሊሰናበተኝ ከሆነ የደወለው... እሱን ነው ማወቅ የምፈልገው። ሌላውን አልጠይቅሽም።»

አመለሸጋ ማጽናኛ አልሰጠቻትም። ቀብሩ ስንት ሰዓት እንደሆነ ጠየቀቻት። ነገ በዘጠኝ ሰዓት ነው። «ከዚያ በፊት እነግርሻለሁ» አለቻት።

መጀመሪያ ያነጋገረችው ከበበውን ነው። ከበበው በኮሌጁ የዶክተሩ ባልደረባና በጥናቱም ሁለተኛው ስም ነው፤ ወጣት፣ ንጹሕ ሸሚዝ የለበሰ፣ እጁን የት እንደሚያደርገው የጠፋው።

«ባሕር በሌለበት አገር የባሕር ዛጎል?» አለችው።

ከበበው ለማስረዳት ሲጀምር ትንሽ ተረጋጋ። ዶክተር ተሬፋ እስከ 1983 ዓ.ም. ምጽዋ ላይ በዓሣ ምርምር ሥራ ነበር። ከመኪናና ከፋብሪካ ከሚወጣው ከዚሁ ጋዝ ሲሶ የማይሞላውን ባሕር ይጠጣዋል፤ እየጠጣም ቀስ በቀስ ይኮመጥጣል። ዶክተሩ ለተማሪዎቹ ባሕሩ እንደ አምቦ ውኃ እየሆነ ነው ይላቸው ነበር። ትልልቆቹ ዛጎሎች ይችሉታል። የሚጎዱት ግልገሎቹ ናቸው።

«ከእንቁላል በወጡ በሁለት ቀን ውስጥ የመጀመሪያ ቅርፊታቸውን መሥራት አለባቸው» አለ። «የሚበሉትን እንኳ ገና በደንብ ሳይዙ። ውኃው ኮምጣጣ ከሆነ ሥራው ይዘገያል፤ የተሠራውንም መልሶ ይበላዋል። ማጠፊያው ይጣመማል። መዝጋት ያቃተው ዛጎል ደግሞ በር እንደሌለው ቤት ነው።»

«ሦስቱ ገንዳዎችስ?»

«አንደኛው የዛሬው ባሕር ነው። ሁለተኛው የልጆቻችን። ሦስተኛው የልጅ ልጆቻችን።»

«ሦስተኛው መሞት ነበረበት?»

«አብዛኛው። ጥናቱ እሱ ነው።»

አመለሸጋ «አስካለች ቀድማ የደወለችው ለእርስዎ ነው» አለች። «ከእኔ ግማሽ ሰዓት ቀድመው ደርሰዋል። እርሳሱ ጠረጴዛው ላይ አለ። ደብተሩ የት ነው?»

ከበበው አልተከራከረም። ቦርሳውን ከፈተና በፕላስቲክ የተሸፈነ ደብተር አወጣ። ናይሮቢ ላለ ጉባኤ ሦስተኛው ገንዳ እየሞተ ነው ብለው ጽፈው መላካቸውን፣ ደብተሩ ግን ባለፈው ሳምንት ሞቱ እንደቆመ መናገሩን፣ ሰው ሳያየው ስሕተቱን ሊያጣራ መውሰዱን ተናገረ።

«እሳቸው በረንዳ ላይ ተኝተው?»

«አዎ» አለ ከበበው። «እሳቸው በረንዳ ላይ ተኝተው።» ከዚያ በኋላ ቀና ብሎ አላያትም።

ቡርሃን ነጋዴ ነው፤ የመታጠቢያ ቤቱም ባለቤት። ቤቱን አድሶ እንግዳ ማረፊያ ሊያደርገው እንደሚፈልግና ዶክተሩን እስከ መስከረም እንዲለቅ እንደጠየቀው ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። እሱም አልካደም። ግን የባሕሩን ውኃና እናት ዛጎሎቹን ከጅቡቲ በጭነት መኪናው ሲያመላልስ የኖረው ራሱ ነው።

«ወደ አምቦ ውኃ ጭኖ የገባ ነጋዴ ከእኔ በፊት አልነበረም» አለ። «የኬላ ሰዎች ጀሪካኑን ቀምሰው ይስቁብኝ ነበር። ከአሥር ቀን በፊት ወጥቼ ዛሬ ሌሊት ገባሁ። አሁንም አራት ጀሪካን መኪናው ላይ አለ። ለማን ላውርደው?» ቀልዱን ጀምሮት ነበር፤ መጨረስ አቃተው።

ጉርሙን ያነጋገረችው ከምንጩ አጠገብ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ነው። ጉርሙ የደንዲ ገበሬ ነው፤ ሃምሳውን አልፏል። በየአሥራ አምስት ቀኑ ማሳውን ሊያይ ይሄዳል፤ ሌላውን ጊዜ ከመታጠቢያ ቤቱ ጎን ባለች ክፍል ያድራል። ከዶክተሩ ጋር ዘጠኝ ዓመት ኖሯል። አመለሸጋ በኦሮምኛ «አካም ጅርቱ፣ ኦቦ ጉርሙ» ብላ ሰላምታ ሰጠችው። እሱ ግን ለፖሊስ ቃል የሚሰጠው በአማርኛ ነው ብሎ ስለሚያምን በአማርኛ መለሰ፤ በኦሮምኛ ያስቀረው ለሴት የክብር መጠሪያ የሆነውን «አዴ»ን ብቻ ነው።

«ዶክተሩ በዚህ ሳምንት እንዴት ነበሩ?»

«በዚህ ሳምንትማ ደኅና ነበሩ፣ አዴ። ከዚያ በፊት ነው ያዘኑት። ማታ ማታ ይቆጥራሉ። ዛሬ ሃያ ሞተ፣ ዛሬ ሠላሳ ሞተ ይሉኛል። ከጤፍ ፍሬ ላነሰ ነገር ሰው እንዲህ ሲያዝን አይቼ አላውቅም።»

«ሥራቸውን ያሳዩዎት ነበር?»

«ያቺን ወረቀት አሳይተውኛል። የሚለኩበት ዕቃ ተበላሽቶ ከሄደ ወዲህ በወረቀት ነው የሚለኩት። ነክረው ሲያወጧት አረንጓዴ ከሆነች ውኃው ጤነኛ ነው። ወደ ቢጫ ከሄደች ኮምጣጣ ነው። ይቺንማ አውቃታለሁ አልኳቸው። ሳቁ።»

«ከየት ያውቋታል?»

«የግብርና ባለሙያው እኔው ማሳ ላይ ነክሯታል። አፈሬ ኮምጣጣ ሆኖ ገብሱ ስንዝር አልሞላ ብሎ ነበር። ዓምና ግን ወገቤ ድረስ መጣ።» ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱ ፈታ አለ፤ ወዲያው በረንዳውን አየና መልሶ ጨለመ።

አመለሸጋ ደብተሯ ላይ «ገብስ» ብላ ጻፈች። ለጊዜው ሌላ ጥያቄ አልጠየቀችውም።

ከሰዓት በኋላ ብቻዋን ወደ ክፍሉ ተመለሰች። ጋዙ ወጥቶ አልቋል። ሦስቱ ገንዳዎች ሙቁ ውኃ በሚያልፍበት ዝቅተኛ ቦይ ውስጥ ተደርድረዋል፤ ውስጣቸውን ለማየት መንበርከክ ግድ ነው። በዶክተሩ አጉሊ መነጽር በየተራ አየቻቸው። በአንደኛው ገንዳ ግልገሎቹ በሸክላ ስባሪ ላይ ተጣብቀዋል፤ ክብና ሙሉ ናቸው። በሁለተኛው አነስ ያሉ፣ ጠርዛቸው የተበላ ናቸው። ሦስተኛውን ከማየቷ በፊት ባዶ ወይም የተሰባበረ ነገር እንደምታይ እርግጠኛ ነበረች። ግን ከሁለተኛው የተሻሉ፣ ጠርዛቸው ደኅና የሆነ ግልገሎች አየች። ደግማ አየች። ጉልበቷ እስኪደነዝዝ መንበርከኳን ያወቀችው ቆይታ ነው።

በዚህ ገንዳ ጥግ፣ በመስታወቱ ግርጌ፣ ስስ ነጭ ደለል ተኝቷል። በሻይ ማንኪያ ጥቂት ዝቃ ወረቀት ላይ አደረቀችው። ከቡርሃን ሱቅ ሎሚ አስመጥታ ጠብታ ስታሳርፍበት አረፋ አወጣ። የዛጎል ቅርፊትም ቢሆን እንዲሁ ያደርጋል። ግን በገንዳው ያሉት ግልገሎች ሁሉ ቢፈጩ የማንኪያውን ጫፍ አይሞሉም።

ማምሻውን ደብተሩን ከፊት ለፊቷ ዘርግታ ቁጥሮቹን በመስመር አስቀመጠች። ዶክተሩ በቀን ሁለት ጊዜ፣ ጠዋት በአንድ ሰዓትና ማታ በአሥራ አንድ ሰዓት፣ ይለካ ነበር። ሥራውን ስትጨርስ ያገኘችው ነገር ደስ አላሰኛትም።

ረቡዕ ጠዋት ሁሉንም በረንዳው ላይ ሰበሰበቻቸው። ኤቢሴ ከአባቷ ታላቅ ወንድም ከኦቦ መርጋ ጎን ተቀመጠች። አስካለች፣ ከበበውና ቡርሃን አግዳሚው ላይ ናቸው። ጉርሙ እንደ ልማዱ ደፉ ላይ ቆመ፤ አመለሸጋ ግን ወንበር አስመጥታ አስቀመጠችው።

«ከኤቢሴ ጥያቄ ልጀምር» አለች። «ዶክተር ተሬፋ ራሳቸውን አላጠፉም። በሩ በድንጋይ ተደግፎ ክፍት ነበር። ሻማም ለኩሰዋል። ሻማው ጋዙ ጉልበት ላይ ሲደርስ እንዲጠፋና እንዲያስጠነቅቅ የተቀመጠ ነው። መሞት የፈለገ ሰው ለሞቱ ማስጠንቀቂያ አያበራም። የነደደው የአንድ ጣት ውፍረት ነው፤ ግማሽ ሰዓት ቢሆን ነው። ጋዙ ነው ያጠፋው። ዶክተሩ ግን ሲጠፋ አላዩትም፤ ተንበርክከው፣ ጀርባቸውን ሰጥተውት ነበር። ጭንቅላታቸውም ከሻማው በታች ነው።»

ኦቦ መርጋ ጉሮሮውን ጠረገ። «ታዲያ መስመሩን ማን አሳለፈው?»

«እሳቸው ናቸው፣ ኦቦ መርጋ። በአንድ ቀን ግን አይደለም።» ደብተሩን ገለጠች። «እስከ ሐምሌ 5 ድረስ ሦስተኛው ገንዳ እንደታሰበው ኮምጣጣ ነው። ረቡዕ ሐምሌ 6 ጠዋት ኮምጣጣነቱ ቀነሰ። ዶክተሩ ጋዙ የደከመ መሰላቸውና እጀታውን ትንሽ ከፈቱት። ሐሙስ ጠዋት እንደገና ቀነሰ፤ እንደገና ከፈቱት። ዓርብም እንዲሁ። ሰኞ ጠዋት፣ ቀዩን መስመር አለፍኩ፣ በሩ ክፍት ይሁን፣ ሻማ ይብራ ብለው ጽፈዋል። ማክሰኞ ጠዋት ወረቀቷ አሁንም አረንጓዴ ሆነችባቸው። አንድ ጣት ጨመሩ።»

«ብልሽት አለ ብዬ ነበር» አለ ከበበው በዝግታ።

«ብልሽት የለም። አንድ ሰው ኮምጣጣውን የሚያበርድ ነገር ይጨምር ነበር። ዶክተሩ ሲያኮመጥጡ፣ እሱ ሲያበርድ፣ እነሱ ሳይተያዩ ለስድስት ቀን ገመድ ተጓተቱ። የገመዱ ጫፍ ያ ቧንቧ ነው።»

አመለሸጋ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«ለውጡ ሁልጊዜ ከማታው ልኬት በኋላና ከጠዋቱ ልኬት በፊት ነው። ቀን ላይ ከቶ የለም። ቡርሃን ያን ጊዜ መንገድ ላይ ነበር። ከበበው ቁልፍ የለውም። አስካለች ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ከተማ ትገባለች፤ ስትመለስም የጠዋቱ ልኬት አልቋል። እሑድ ጠዋት ደግሞ ለውጥ የለም። በቅዳሜ ሌሊት እዚህ ያላደረ አንድ ሰው አለ፤ ጊንጪ ለቅሶ ሄዶ ነበር።» ወደ ጉርሙ ዞረች። «ኦቦ ጉርሙ፣ እኔ ልናገረው ወይስ እርስዎ?»

ጉርሙ ባርኔጣውን ከጉልበቱ ላይ አነሣ። ፊቱ ላይ ፍርሃት የለም፤ ሳይነገርለት የቆየ ነገር የተገኘበት ሰው ዓይነት እፍረት ብቻ ነው።

«እኔ ነኝ» አለ። «ኖራ ነው። ማሳዬ ላይ የሚበተነው፣ የተፈጨው። ያለፈው ሳምንት ማክሰኞ ከደንዲ ስመለስ በላስቲክ ይዤ መጣሁ። ጎህ ሲቀድ፣ ስጠርግ፣ አንድ እፍኝ እበትን ነበር። እሳቸው እስኪመጡ ደለሉ ይወርዳል።» ዙሪያውን አየ። «ያቺ ወረቀት እኮ ናት። እኔ ዘንድ ቢጫ ስትሆን ኖራ በተኑበት አሉኝ፤ በተንኩ፤ ገብሱ ዳነ። እዚህም ቢጫ ስትሆን ልጆቹ ይሞታሉ፤ እሳቸው ያዝናሉ። የተማረ ሰው ስለ ኖራ አያውቅም ይሆናል አልኩ። ብነግራቸው እንዳያፍሩ ብዬ ዝም አልኩ።» ወደ ከበበው ዞረ። «ዳኑ እኮ። መጥፎ ነው እንዴ?»

አስካለች ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። ከበበው መልሱን እያወቀ ወደ መሬት አቀረቀረ።

መናገር የነበረባት አመለሸጋ ናት፤ ተናገረችውም። ግልገሎቹ እንዲሞቱ የተተዉት በጭካኔ እንዳልሆነ፣ ዶክተሩ ባሕሩ ወደፊት ምን እንደሚሆን በዓይኑ አይቶ ለሰው ሊናገር እንደነበር፣ ኖራው ግልገሎቹን አድኖ ቁጥሩን እንዳሳተ፣ የሳተውም ቁጥር እጀታውን እንዳስከፈተ በአጭር በአጭሩ አስረዳችው። የመጨረሻውን ስትናገር ቀስ አለች።

«ሌላ ቀን ቢሆን እዚያ ታች ትንፋሻቸውን ይዘው፣ አይተው ይነሡ ነበር። አስካለች ነግራኛለች። ያን ቀን አልተነሡም። ሊሞት የሚገባው ነገር በሕይወት ነበር፤ ቅርፊቱም ደኅና ነበር። ያን እያዩ ቆዩ። እኔም ትናንት አይቻለሁ። እኔም ቆይቻለሁ።»

ጉርሙ ነገሩ የገባው ቀስ እያለ ነው። በመጀመሪያ እጆቹን አየ። ከዚያ ከወንበሩ ተነሣ፤ ከበረንዳው ወረደ፤ ከኤቢሴና ከኦቦ መርጋ ርቆ፣ ከግቢው አጥር አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠ። አስካለች ልትከተለው ስትል ኦቦ መርጋ በእጁ ከለከላት። በእነሱ አገር ደም ያለበት ሰው ከሟች ዘመድ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር አይቀመጥም፤ ከአንድ ዕቃ አይጠጣም። ጉርሙ ማንም ሳይነግረው ቦታውን ያዘ።

አመለሸጋ ደብተሩን ለኤቢሴ ሰጠቻትና ሰኞ ማታ የተጻፈውን መስመር በጣቷ አሳየቻት። እንዲህ ይላል፦ «ሦስተኛው ገንዳ፦ 214 ቆጠርኩ፣ ሁሉም በሕይወት። ምክንያቱን አላውቅም። ለኤቢሴ ልንገራት፤ አባባ በእርጅናህ አዋላጅ ሆንክ ብላ ትስቅብኛለች።»

ኤቢሴ ሁለት ጊዜ አነበበችው። አላለቀሰችም። ደብተሩን ዘግታ ደረቷ ላይ ይዛ፣ ቀብሩ እስኪደርስ ድረስ ከዚያ ቦታ አልተነሣችም።

ቀብሩ ላይ ሕዝቡ በዛ። የዶክተሩን ስም በክፉ ያነሣ አልነበረም። ጉርሙ ከመቃብሩ ባሻገር ባለው ጉብታ ላይ፣ ዝናብ እየመታው፣ መጨረሻው ሰው እስኪሄድ ቆመ። ጉድጓዱን ሌሎች ቆፈሩት።

መዝገቡ «ድንገተኛ አደጋ» ተብሎ ተዘጋ። በሳምንቱ ጉርሙ ፖሊስ ጣቢያ መጥቶ አመለሸጋ ጠረጴዛ ፊት ቆመ። እንድትከስሰው ጠየቃት። እሷም ሕጉን አስረዳችው፤ ለመግደል አላሰበም፤ ጉዳቱን ሊያውቅ የሚችልበት መንገድ አልነበረም፤ የሚከሰስበት አንቀጽ የለም። በሚቀጥለው ሰኞ ተመልሶ መጣ። በሦስተኛውም። ከስቷል፤ ማሳውን እንደማያይ፣ ሰው ዘንድ እንደማይበላ ሰምታለች።

«ኦቦ ጉርሙ፣ ማንም እርስዎን አይወቅስም» አለችው።

«እሱ ነው ጭንቁ፣ አዴ» አለ። «የወቀሰኝ የለም። ያልተከሰሰን ሰው ማን ይቅር ይለዋል?»

አመለሸጋ ቅዳሜ ለሥራ ወደ ጌዶ ስትሄድ ጤና ጣቢያው ደጅ ላይ ወርዳ ለኤቢሴ ይህንኑ ቃል በቃል ነገረቻት። ኤቢሴ ሰምታት ወደ ተረኛ ክፍሏ ተመለሰች።

በነሐሴ አጋማሽ ኤቢሴ ወደ አጎቷ ቤት ሄደች። ኦቦ መርጋ ጉማ እንዲጠይቅ፣ ማለትም የወንድሙን ደም በሽማግሌ ፊት እንዲያነሣ ለመነችው። ኦቦ መርጋ አልተዋጠለትም። ቤተሰቡ የወንጌል አማኝ እንደሆነ፣ በጉርሙም ላይ ቂም እንደሌላቸው፣ ያዘነን ሰው ደም አለብህ ማለት ነውር እንደሆነ ነገራት።

«ቂም ስለሌለን ነው» አለችው። «እኛ ካልጠየቅነው እዚያ አጥር ሥር እንደተቀመጠ ይሞታል። ጠይቀውና የደም ካሣውን ይክፈል፤ ከፍሎ፣ ታርቆ ይግባ።»

ኦቦ መርጋ ሌሊቱን አሰበበት። በማግሥቱ ለሽማግሌዎቹ መልእክት ላከ።

የተገናኙት በወንዝ ዳር ነው፤ ልማዱ እንደሚያዝዘው የሟች ወገን በአንድ ወገን፣ ጉርሙና ዘመዶቹ በማዶ። ውኃው በመካከላቸው ደፍርሶ ይወርዳል። አመለሸጋ ዩኒፎርሟን ሳትለብስ ከሴቶቹ ጋር ኋላ ቆማለች። ሽማግሌዎቹ ማን ምን እንደሚፈልግ ጠየቁ። ኦቦ መርጋ ዱላውን ተደግፎ ተነሣ፤ ኤቢሴን አንዴ ዘወር ብሎ አያት፤ ከዚያ ድምፁን ከፍ አድርጎ በኦሮምኛ ተናገረ።

«የወንድሜ የተሬፋ ደም አለኝ። ከጉርሙ እፈልጋለሁ።»

በማዶ ያሉት ዘመዶቹ ሊመልሱለት ሲነሡ ጉርሙ በእጁ መለሳቸው። ወደ ውኃው ጠርዝ ቀረበ። ካለፈው ወር ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀጥ ብሎ ቆመ፤ እንባው በጉንጩ ይወርዳል፤ አልጠረገውም።

«አለብኝ» አለ።